ነግራህ ነበር እኮ

ጃንዋሪ በገባ ቁጥር የዚያ ቤት የጓዳ ግድግዳ የደም ነጠብጣብ አያጣውም ነበር። ለማያውቅ ሰው በግ ታርዶበት ያልተጸዳ ይመስላል። ነገሩ ወዲህ ነው። ስፕሪንገር ስፓኒየል የሚባለው የአደን ውሻ ጆሮው ረጅምና ተንጠልጣይ፣ ጫፉም እንደ ቅጠል ስስ ነው። ቀኑን ሙሉ በእንጆሪ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሽሎከለክ ሲውል እሾሁ ይቧጭረዋል። ቁስሉ ቢፈለግ የመርፌ ቀዳዳ አያክልም። ውሻው ከሞቀ ቤት ገብቶ ራሱን ሲያራግፍ ግን ሁለቱ ጆሮዎች እንደ ጅራፍ ይወናጨፋሉ፤ ደሙም ከጫማ መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ይረጫል። የቤቱ እመቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እግር በእግር እየተከታተለች ትፈትግ ነበር። በሦስተኛው ተወችው። ፌብሯሪ ሲገባ አንድ ጊዜ ነጭ ቀለም ትቀባዋለች፣ አለቀ።

ደሙ የሜግ ነው። ሜግ በ2007 የተወለደች (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፣ ነጭና የጉበት መልክ ያለው ቡናማ ጸጉር የለበሰች፣ 18 ኪሎ የማትሞላ ውሻ ነበረች። ጌታዋ በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ድንበር ብዙም በማይርቀው የሽሮፕሺር ኮረብታማ አገር ፖስታ አዳይ ነበር። የሰፈሩን በር ሁሉ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያውቃል። ከኖቬምበር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራው ፈቃድ እየወሰደ፣ ወይም ከባልደረባው ጋር ተራ እየተለዋወጠ፣ ቀስቃሽ ይሆናል።

ቀስቃሽ ጠመንጃ የማይዝ አዳኝ ነው። ተኳሾቹ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሆነው ከጫካው ማዶ፣ ቁጥር በተጻፈባቸው ችካሎች አጠገብ ይቆማሉ። ቀስቃሾቹ ከወዲህ በኩል ተሰልፈው፣ በትራቸውን ከዛፍ ግንድ ጋር እያንኳኩ፣ ውሾቻቸውን እያስቀደሙ ጫካውን ያበጥሩታል። የሚታደነው ወፍ፣ ፌዛንቱ፣ ተነሥቶ ከተኳሾቹ ራስ በላይ ሲያልፍ ይተኮሳል። ከተኳሾቹ ጀርባ ደግሞ የወደቀውንና የቆሰለውን በውሾቻቸው የሚያስፈልጉ ለቃሚዎች አሉ። የቀኑ አዛዥ የአደን መሬቱ ጠባቂ ነው፤ የቆርቆሮ ቀንደ መለከቱን ሲነፋ ሁሉም ይጀምራል፣ ደግሞ ሲነፋ ተኳሾቹ ጠመንጃቸውን ያራግፋሉ። ለቀስቃሹ የሚከፈለው በዚያን ጊዜ 25 ፓውንድና አንድ ጥንድ ወፍ ነበር። ገንዘቡ እሾህ የበሳውን የዝናብ ሱሪ እንኳ አይተካም።

የእንግሊዝ ሕግ ፌዛንትን ማደን የሚፈቅደው ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሯሪ 1 ነው። መሠረቱ የ1831 የአደን ሕግ ሲሆን፣ እሑድና የገና ዕለት መተኮስን ዛሬም ይከለክላል። ከእነዚህ አራት ወራት ውስጥ ለትዝታ የሚበቃው የመጨረሻው ነው። በኖቬምበር የሚወድቀው ፌዛንት የዋህ ነው፤ በጸደይ ተፈልፍሎ፣ በስንዴ ተቀልቦ ያደገ፣ ሰው ሲያይ መኖ የመጣለት የሚመስለው ነው። እስከ ጃንዋሪ የቆየው ግን ስምንት ዘጠኝ ቅዳሜ ተኩስ ሰምቷል፤ አጠገቡ የነበሩት ሲበሩና ሲወድቁ አይቷል። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ፍጡር ስም አያጣም። ንቁን ሰው «ቆቅ ነው» እንላለን፤ ቆቅና ፌዛንት ደግሞ በእርግጥም ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ወፎች ናቸው።

የጃንዋሪ አውራ ፌዛንት ክንፉን አያምንም። በእግሩ ነው የሚሄደው። የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲሳሳል፣ ውሻ በስሙ ሲጠራ ይሰማና አንገቱን ቀብሮ በቦይ በቦይ ይሾልካል፤ ሰልፉ ወደ ጫካው ሳይገባ እሱ ከጫካው ወጥቷል። መሸሸጊያውም በዚያ ወቅት ሌላ ነው። በኦክቶበር ወገብ የሚደርሰው ፈርን በዝናብና በውርጭ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ለወፎቹ ተብሎ የተዘራው የጎመን እርሻ ቅጠሉ ረግፎ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ያልሞተው የእንጆሪው እሾህ ነው። የቀረው ወፍ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ የለም።

ስለዚህ ስፓኒየል ትገባለች።

ስፓኒየሎች ይህን ሥራ ከጠመንጃ በፊትም ያውቁት ነበር፤ ወፍ እያስነሡ ለጭልፊትና ለመረብ ያቀርቡ ነበር። ስፕሪንገር የሚለው ስም ራሱ ወፉን ከተደበቀበት አስፈንጥሮ የሚያስነሣ ማለት ነው። ታናሽየው ኮከር ደግሞ ስሙን ያገኘው ውድኮክ ከምትባለው የጫካ ወፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለቱ ከአንድ ማኅፀን በአንድ ቀን ይወለዱ ነበር፤ ሲያድግ ከ25 ፓውንድ፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ግድም ያላለፈው ኮከር፣ ያለፈው ስፕሪንገር ይባል ነበር። የሚለያያቸው ሚዛን ብቻ ነበር ማለት ነው። የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ስፕሪንገርን ራሱን የቻለ ዝርያ አድርጎ የተቀበለው በ1902 ነው። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ዊልያም አርክራይት የተባለ ባለርስት በደርቢሺር በነበረው በሰተን ስካርስዴል መሬቱ ላይ የመጀመሪያውን የስፓኒየሎች የመስክ ውድድር አስተናግዷል። ወሩ ጃንዋሪ ነበር። ቀላሉን ወር ትተው ከባዱን መምረጣቸው ስለ ሥራው ያውቁ እንደነበር ይናገራል።

ፖስታ አዳዩ ሜግን ያሠለጠነው በፊሽካ ነው፤ ኩራቱም ፊሽካው ነበር። አንድ ረጅም ንፊት፦ ባለሽበት ቁጭ በይ። ሁለት አጫጭር፦ ዙሪ። ደጋግሞ ሲነፋ፦ ነይ። ቡችላ ሳለች ከእራት ሳህኗ ፊት አስቀምጦ፣ ምራቋ እየተንጠባጠበ፣ ፊሽካውን እስኪነፋ ድረስ እንዳትነካ አድርጎ አስተማራት። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ጥንቸል ስታባርር እንኳ አንድ ጊዜ ቢነፋባት መሬት ላይ ትለጠፋለች። ሌሎቹ ቀስቃሾች ውሾቻቸውን በስድብ ሲጠሩ እሱ ድምፁን አያሰማም። ይህን ሰዎች ሲያዩለት ደስ ይለው ነበር፤ በኋላ ሲያወራው ፊቱ የሚቀላውም በዚህ ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 2009 ቅዳሜ ነበር። ፌብሯሪ 1 እሑድ ስለዋለ የወቅቱ የመጨረሻ ቀን እሱው ሆነ። ጠባቂው ጠዋት በእህል ጎተራው ደጅ ሁሉንም ሰብስቦ «ዛሬ አውራ ብቻ» አለ። ሴቶቹ ለዘር እንዲተርፉ ማለቱ ነው። ከጫካው ግርጌ፣ የድንጋይ አጥር በፈረሰበት ጥግ፣ የአንድ ክፍል ቤት ስፋት ያለው የእንጆሪ ጥሻ ነበረ። ሁለት ውሾች ገብተውበት ምንም ሳያገኙ ወጥተዋል። ሜግ ሦስተኛ ገባች፤ ግን አልወጣችም። ከእሾሁ መሐል ጭራዋ ብቻ ይታያል፤ ጭራዋ ይርገበገባል። ከሰልፉ መሐል አንዱ «መስመር ጠብቁ!» ብሎ ጮኸ። ፖስታ አዳዩ ሁለቴ ነፋ፤ አልዞረችም። አፈረ። ረጅሙን ነፋባት።

ሜግ ቁጭ አለች። እሾሁ ውስጥ፣ እንደተማረችው፣ ቀጥ ብላ። ገላዋ ወደሱ፣ አፍንጫዋ ግን ወደ ጥሻው እንደዞረ ነበር። ጠራት፤ መጣች። ሰልፉ ቀጠለ። ሰማንያ እርምጃ ያህል እንደሄዱ ከኋላቸው የታወቀው የአውራ ፌዛንት ጫጫታ ተሰማ። ዞር ሲሉ ወፉ ከዚያው ጥሻ ተነሥቶ፣ ረጅም ጭራውን እየጎተተ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኮረብታው፣ ማንም ወደማይተኩስበት አቅጣጫ ሲበር አዩት።

ጠባቂው ሽማግሌ ነበር፤ ብዙም አይናገርም። በአጠገቡ ሲያልፍ በበትሩ ወደ ሜግ ጠቆመና፦

«ነግራህ ነበር እኮ» አለው።

ማታ ለሚስቱ አወራላት። ጓዳው ውስጥ የሜግን ጆሮ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች እስከ መጨረሻው ሰማችውና «ይሄ ጠባይህ ለሷ ብቻ ነው እንዴ?» አለችው።

የውሻ አፍንጫ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል፤ የሰው ልጅ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ቢኖረው ነው። በዚያ ቀን ፊሽካውን የነፋው ባለ 5 ሚሊዮኑ ነበር። ስሕተቱ ደግሞ ሜግ አለመታዘዟ አይደለም፤ መታዘዟ ነው። ያልሠለጠነች ውሻ ብትሆን ፊሽካውን ከምንም ሳትቆጥር ወፉን ታስነሣው ነበር። ጥሩ አሠልጣኝ መሆኑ ወፍ አስመለጠው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅዳሜዎች ጭራ በማንበብ አሳለፋቸው። የሜግ ጭራ ጫፉ ተቆርጦ ነበር። በእንግሊዝ የውሻን ጭራ መቁረጥ ከ2007 ወዲህ ክልክል ቢሆንም፣ ለሥራ ለሚወለዱ ውሾች፣ 5 ቀን ሳይሞላቸው፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ይፈቀዳል፤ ስኮትላንድ ጨርሳ ከልክላ ቆይታ በ2017 ለስፓኒየሎችና ለጥቂት ሌሎች ፈቅዳለች። ምክንያቱ እሾሁ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚወዛወዝ ጭራ ጫፉ ተሰንጥቆ አይድንም። የተረፈው ሁለት ሦስተኛ ግን ለንባብ በቂ ነበር። ዝም ብላ ስትፈልግ ጭራዋ እንደ ግድግዳ ሰዓት ግራ ቀኝ ይላል። ትኩስ ዱካ ላይ ስትደርስ ፍጥነቱ ይጨምርና ከወገቧ ጋር አብሮ ይናጣል። አይጥ ወይም የትናንት ሽታ ሲሆን አፍንጫዋን ቀብራ ጭራዋ ይለግማል፤ ያን ጊዜ ቢጠሯት ጉዳት የለውም። ወፉ እፊቷ ካለ ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ሁሉ ነገር ይቆማል፤ ጭራውም፣ ትንፋሹም። ከዚያ ትወረወራለች። ይህቺን ቅጽበት ለማየት መማር ሙሉ አንድ ወቅት ፈጀበት። የፊሽካውን ያህል እንኳ ከባድ አልነበረም፤ ችግሩ በሁለተኛው ትምህርት ተማሪው እሱ መሆኑ ነበር።

ከ2009 ወደ 2010 የተሻገረው የብርድ ወቅት በብሪታንያ ከ30 ዓመት ወዲህ ያልታየ ቅዝቃዜ ያመጣ ነበር። ጃንዋሪ 9 ቀን 2010 መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ፣ ወንዛ ወንዙ ዳር ዳሩን በረዶ ጋግሮ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሽታ አይያዝም፤ የደረቀ ውርጭ ውስጥ ዱካ ቶሎ ይጠፋል። ከእኩለ ቀን በኋላ አንድ አውራ ክንፉን ተመትቶ ከጅረቱ ማዶ ሜዳው ላይ ወደቀ፤ ወደቀና ተነሥቶ ሮጠ። በእንግሊዞቹ ዘንድ እንዲህ ያለውን ቁስለኛ ሳያገኙ ወደ ቤት መሄድ ነውር ነው። የለቃሚው ላብራዶር ወፉ በወደቀበት ቦታ ሁለት ላባ አግኝቶ፣ ወደ አጥሩ አቅጣጫ ተመርቶ፣ ባዶውን ተመለሰ። ሁሉም ወፉ አጥሩን አልፏል አለ።

ሜግ ላባው ጋ ደርሳ አንድ ጊዜ ዞረችና ፊቷን ወደ ጅረቱ መለሰች። ሰዎቹ ከቆሙበት፣ ወፉ ከመጣበት። የማይመስል ነገር ነው። ፖስታ አዳዩ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ነበር። አወጣው፤ ኪሱ ከተተው።

ከጅረቱ ዳር ውኃው የሸረሸረው የዛፍ ሥር አለ፤ ከሥሩ ሥር ጨለማ ጉድጓድ። ሜግ ስትገባበት በረዶው ሲሰበር ጠርሙስ የወደቀ ይመስል ነበር። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። አንዱ ሰዓቱን አየ። ሌላው ሻይ ከፔርሙዙ ቀዳና ለማንም ሳይል ጠጣው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ሜግ ከታችኛው መታጠፊያ ወጣች፤ አፏ ውስጥ አውራው አንገቱን ቀና አድርጎ ዓይኑን ያንከባልላል። አንዲት የጎድን አጥንት አልሰበረችበትም። ለስላሳ አፍ የሚሉት ይህንን ነው፤ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ይይዙታል፤ ያልታደለ ውሻ ያላምጠዋል። ጠባቂው ወፉን ተቀብሎ በአንድ ምት ገላገለው። የሜግ የሆድ ጸጉር ውኃው ቀዝቅዞበት የበረዶ ዶቃ ሠርቶ ስትሄድ ይንኳኳል። ፖስታ አዳዩ ኮቱን አውልቆ ጠቀለላት፤ ቀስቃሾቹን በሚጭነው የትራክተር ተጎታች ላይ፣ በጭድ እስሩ መሐል፣ እግሩ ሥር አስቀምጦ እስኪመሽ ጣቶቿ መሐል የተጋገረውን በረዶ በእጁ ሙቀት አሟሟ። በዚያን ዕለት ጠቅላላው የተገደለው 23 ወፍ ነበር።

ይህ ቁጥር ተራ ነገር አይደለም። በዚያች አገር በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፌዛንቶች እያደጉ ለአደን ይለቀቃሉ፤ በአንድ ቀን 300 እና ከዚያ በላይ የሚወድቅባቸው ቦታዎች አሉ። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚሉትም ከመሬት የተነሣ አይደለም። ፖስታ አዳዩ ራሱ በኖቬምበር ትላልቅ ቀኖች ላይ ከተኩሱ ብዛት ጆሮው እየጮኸ፣ የወፉ ክምር እየከበደው ወደ ቤቱ የተመለሰባቸው ጊዜያት ነበሩ። 300 ወፍ በሚወድቅበት ቀን ስፓኒየል ጌጥ ናት፤ በትር ይዞ የሚጮህ ሰው ሥራዋን ይሠራላታል። 23 በሚወድቅበት ቀን ግን እያንዳንዱ ወፍ ታሪክ አለው፤ ከ23ቱ የብዙዎቹን ታሪክ የጀመረች አንዲት ውሻ ናት። ድርሻው የሆኑትን ሁለት አውራዎች ሚስቱ በፖም ጠላ ለሦስት ሰዓት ትቀቅላቸው ነበር፤ የጃንዋሪ አውራ ከዚያ በታች ጥርስ አይቀምሰውም።

ውሾች ከጌታቸው ቀድመው ያረጃሉ። በ2018 ሜግ 11 ዓመት ሲሆናት ጆሮዋ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ረጅሙን ንፊት ብቻ ትሰማ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት እሱንም ተወችው። ፖስታ አዳዩ ጡረታ የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ጫካው ውስጥ ፊሽካው አንገቱ ላይ እንደ ማተብ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከእሷ ጋር የሚነጋገረው በእጁ ነው። ቀና ብላ ካየችው ይጠቁማታል፤ ካላየችው የራሷን ታደርጋለች። ትላልቆቹን ጥሻዎች ለወጣት ውሾች ትተው እነሱ ጫፍ ጫፉን ይይዛሉ፤ አጥር ሥር፣ ቦይ ውስጥ፣ የፈረሰ ካብ አጠገብ። የጃንዋሪ አውራ የሚያመልጠው በዚያ በኩል ነውና ቦታው ለሽማግሎች የሚገባ ነበር። አዲሱ ጠባቂ ወጣት ነው፤ ሰልፉ ሳይጀመር እየመጣ «ጋሼ፣ እስቲ ያቺን ጥግ አንተና እሷ ያዙልኝ» በሚል ዓይነት አክብሮት ቦታ ይሰጣቸው ነበር።

የወቅቱ የመጨረሻ ቅዳሜ የቀስቃሾቹ ነው። ወቅቱን ሙሉ በትር የያዙት በዚያ ቀን ጠመንጃ ይይዛሉ፤ ግማሹ ይቆማል ግማሹ ይነዳል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ፖስታ አዳዩ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2021 ግን ለሜግ የመጨረሻዋ እንዲሆን አስቦ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ እሱ ውሻዋን ይዞ ይሄዳል፣ ጎረቤቱ ሜግ ያስነሣችውን ይተኩሳል። አልሆነም። በወሩ መጀመሪያ እንግሊዝ በወረርሽኙ ምክንያት ለሦስተኛ ጊዜ በሯን ዘጋች፤ ሰው ተሰብስቦ ማደን ቀረ። የተፈቀደው በቀን አንድ ጊዜ ከሰፈር ሳይርቁ በእግር መንቀሳቀስ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ሁለቱም የወትሮ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። እሱ እሾህ የበሳውን የዝናብ ሱሪ፣ እሷ ፎጣ መሰሉን ካፖርቷን። በጫካው ግርጌ የሚያልፈውን የሕዝብ መንገድ ይዘው፣ የድንጋይ አጥሩ የፈረሰበት ጥግ ደረሱ። የእንጆሪው ጥሻ ከ12 ዓመት በፊት ከነበረው ሰፍቷል። ሜግ ቆመች። ካፖርቷን አወለቀላት። ገባች፤ በዝግታ፣ የኋላ እግሯን እየጎተተች። ለጥቂት ጊዜ ጭራዋ ግራ ቀኝ አለ። ከዚያ ቆመ።

አውራው የወጣው በላይኛው በኩል ነው፤ እየጮኸ፣ ቅርንጫፍ እየሰበረ። ተነሥቶ የመንገዱን ዛፎች አለፈና ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሸለቆው ወረደ። ማንም አልተኮሰም። ሜግ ጩኸቱን አልሰማችውም፤ የክንፉን ነፋስ ግን ፊቷ ላይ አግኝታዋለች። ከጥሻው አንገቷን አውጥታ ወደ ሰማይ አየች፣ ከዚያም ወደ እሱ ዞራ ቁጭ አለች፤ ተኩሱን እየጠበቀች። እሱም አብሯት ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። ከዚያ ራሷን አራገፈች፤ የዝናብ ሱሪው ላይ ጥቂት ቀይ ነጠብጣብ ቀረ።